ስለ ሕግ ጠበቃና ስለ ቤተ ሰብ ፍቅር

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ላይ በ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ስም የተነገረ)



ትምህርት ቤታችን የተመሠረተበትን ቀን ለማክበር በተሰበሰብንበት በዚህ ዕለት በ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ስም ጥቂት ቃል እንድንናገር ስለ ተፈቀደልን እጅግ አድርገን እናመሰግናለን። ከታላላቆቻችን ፊት ቆሞ ስለ ትልቅ ነገር መናገር ለእኛ ለልጆች ድፍረት መሆኑን አንስተውም። ያስተማራችሁን ግን እናንተ ናችሁና ስሕተታችንን በትዕግሥት፣ ደኅና የተናገርነው ቢኖር ደግሞ እንደ ድካማችሁ ፍሬ አድርጋችሁ እንድትቀበሉልን በትሕትና እንለምናለን።

ይህን አርእስት የመረጥነው ያለ ምክንያት አይደለም። በዓመቱ መጀመሪያ የአማርኛ መምህራችን «ጠበቃ ለአገር ይጠቅማል ወይስ ይጎዳል?» የሚል ክርክር ሰጥተውን ነበር። ክፍሉ ከሁለት ተከፈለ። «ይጠቅማል» ያልነው ወገኖች ከመጽሐፍ የለቀምነውን ሁሉ ተናገርን። «ይጎዳል» ያሉት ደግሞ ጠበቃ ምላሱን የሚያከራይ ሰው ነው፤ የአንድ ቀኑን ነገር የአንድ ዓመት ያደርገዋል፤ እውነቱ ከማን ዘንድ እንዳለ እያወቀ ለከፈለው ይቆማል አሉ። ከእነሱም አንዱ በመጨረሻ ተነሥቶ «ጠበቃ ለሰው ልጆች ሲሟገት የገዛ ልጆቹን ይረሳል» ብሎ ተቀመጠ። ክፍሉ ዝም አለ። ይህ ጓደኛችን የጠበቃ ልጅ መሆኑን ሁላችንም እናውቅ ነበርና። ድምፅ በተሰጠ ጊዜም «ይጎዳል» ያሉት በብዙ እጅ ረቱን።

መምህራችን አልተቈጡም። «ያያችሁትን ሳይሆን የሰማችሁትን ነው የተከራከራችሁት፤ ሂዱና እዩ» አሉን እንጂ። እንግዲህ ዛሬ የምንናገረው ሄደን ያየነውን፣ ጠይቀን የተረዳነውንና አንብበን ያገኘነውን ነው።

በመጀመሪያ ስለ አገራችን ስለ እንጦጦ ግርጌ ጥቂት እናስታውስ። ከየካ ሚካኤል እስከ ፈረንሳይ ለጋሲዮን ያለው ሠፈራችን ተራራውን ተደግፎ የተቀመጠ ነው። ጧት ወደ ትምህርት ቤት ስንመጣ የባሕር ዛፍ ቅጠልና ጭራሮ በጀርባቸው የተሸከሙ እናቶች ቍልቍለቱን ሲወርዱ እናገኛቸዋለን። የዳግማዊ ምኒልክ ከተማ ወደ ፍል ውሃ ሜዳ ሳይወርድ በፊት በዚያ በተራራው ራስ ላይ ነበረ፤ በ1882 ዓ.ም. ዘውድ የጫኑትም በእንጦጦ ማርያም ነው። በ1900 ዓ.ም. በአገራችን ለመጀመሪያ ጊዜ ሚኒስትሮች ሲሾሙ የፍርድ ሚኒስትርነቱ ለአፈ ንጉሥ ነሲቡ ተሰጠ።

በዚያ ዘመን የተማረ ጠበቃ አልነበረም። ይሁን እንጂ አገሩ ሁሉ ተሟጋች ነበረ። ባለ ጕዳዩ ነጠላውን አጣፍቶ ቆሞ፣ ዘንጉን ይዞ፣ ነገሩን በምሳሌ እያዋዛ ይሟገት ነበር። ማር ወይም በቅሎ እየተወራረደ ባላጋራውን ይፈትነው ነበርና «እሰጥ አገባ» የምንለው ቃል የቀረው ከዚያ ነው። ከሳሽና ተከሳሽ ዳኛ ፊት እስኪቀርቡ ድረስ በአንድነት ይታሰሩ ነበርና «ቁራኛ» ስንል የዚያን ዘመን ወግ መጥራታችን ነው። በመንገድ ላይ የሚጣሉ ሰዎች ያገኘ መንገደኛም «በሕግ አምላክ!» ባለ ጊዜ የተነሣው እጅ ይወርዳል፤ ሁለቱም መንገደኛውን ዳኛ አድርገው ነገራቸውን ይነግሩት ነበር። አባቶቻችን «በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ» ያሉት ከዚህ የተነሣ ነው። በቅሎ ብዙ ዋጋ ያላት ስትሆን ጭብጦ ግን የአንድ ጊዜ ጕርሻ ናት። ሰው የሚያዝነው በዋጋው ሳይሆን በመገፋቱ መሆኑን ይህ ምሳሌ ያስረዳል።

ከዚያ በኋላ የተጻፈው ሕግ መጣ። የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ በ1949 ዓ.ም.፣ የፍትሐ ብሔር ሕግ በ1952 ዓ.ም.፣ የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት በ1954 ዓ.ም.፣ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ደግሞ በ1958 ዓ.ም. ወጡ። በ1956 ዓ.ም. በዛሬው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ክፍል ተከፍቶ የአገራችን ልጆች በአገራቸው ሕግ ይማሩ ጀመር። የሕጉ መጻፍ ትልቅ ጥቅም ነው። ነገር ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ አንደበተ ርቱዕነት ብቻውን ሰውን አያድነውም። ቀነ ቀጠሮን ያላወቀ፣ የይርጋን ጊዜ ያሳለፈ፣ ማስረጃውን በጊዜው ያላቀረበ ሰው እውነት በእጁ ሳለች ሊረታ ይችላል። የተማረ ጠበቃ ያስፈለገው ስለዚህ ነው። ቃሉም ራሱ «ጠበቀ» ከሚለው የወጣ ነው፤ ጠበቃ ማለት የሚጠብቅ ማለት ነው።

አሁን ወደ አየነው እንመለስ። በመንፈቀ ዓመቱ ዕረፍት እኛ አራት ተማሪዎች የጓደኛችንን አባት ወደ ፍርድ ቤት ይዘውን እንዲሄዱ ለመንናቸው። ስማቸውን እንዳንጠራ ልጃቸው ስለ ለመነን አንጠራም። ከፀጉራቸው ሽበት የበዛ፣ ቀጭን፣ ቀስ ብለው የሚናገሩ ሰው ናቸው። አሮጌ የቆዳ ቦርሳ ይይዛሉ፤ ውስጡ መዝገብ፣ የሕግ መጽሐፍና በፌስታል የተጠቀለለ ዳቦ አለ። እንደ ሲኒማው ጠበቃ ጠረጴዛ እየደበደቡ የሚጮሁ መስሎን ነበር። ይልቁንም ችሎቱ እስኪሰየም ድረስ በኮሪደሩ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠው አንዲት እናትን ቀስ ብለው ይጠይቁ ነበር።

እኒያ እናት ከእንጦጦ እንጨት የሚያወርዱ፣ ሁለት ልጆች ያሏቸው ሴት ናቸው። የልጆቹ አባት ጥሏቸው ሄዶ ሌላ ትዳር ይዞአል። ቀለብ እንዲቈርጥላቸው ከዚያ በፊት ራሳቸው ከሰው ነበር። ማንበብ ስለማይችሉ የቀጠሮውን ቀን በሰው አስነብበው፣ ያነበበላቸው ሰው ተሳስቶ በማግስቱ ደረሱ። መዝገቡ ተዘግቶ ቆየ። ማንም አልበደላቸውም፤ ሕጉም የሚለው እንዲሁ ነው። ነገር ግን ሁለት ልጆች ሰባት ወር ያለ ቀለብ ከረሙ። የጓደኛችን አባት ይህን ጕዳይ የያዙት ያለ ዋጋ ነው። የዳኝነት ገንዘብ ለመክፈል አለመቻላቸውን አስረድተው ክሱን እንደገና አቀረቡላቸው።

ችሎቱ በተሰየመ ጊዜ ሁላችንም ተነሣን። የእኛ ጠበቃ የተናገሩት ከአምስት ደቂቃ አይበልጥም። የልጆቹን የልደት ወረቀት አቀረቡ፤ አባትየው የሚሠራበትንና የሚያገኘውን ደመወዝ የሚያስረዳ ጽሑፍ እንዲመጣላቸው ዳኛውን ለመኑ፤ ምስክሮቻቸውን ቈጠሩ፤ ተቀመጡ። የተከሳሹም ጠበቃ በበኩላቸው ደንበኛቸው ሌሎች ልጆች እንዳሉትና ከዐቅሙ በላይ እንዳይጠየቅ አስረዱ። እኛ ይህን በሰማን ጊዜ ተናደድን። ዳኛው ግን ሁለቱንም በእኩል ጽፈው ለሌላ ቀን ቀጠሩ። በዚያ ቀን የረታ የለም፤ የተረታም የለም። እናትየውም ቀጠሮውን ከወረቀት ላይ እንዲያዩ ሳይሆን ከጠበቃቸው አፍ ሦስት ጊዜ ሰምተው፣ ደግሞም ዕለቱ የሚካኤል ማግስት መሆኑ ተነግሯቸው ሄዱ።

ስንወጣ «ያ ሰው ልጆቹን ጥሎ ሄዶ ጠበቃ እንዴት ይቆምለታል?» ብለን ጠየቅን። የጓደኛችን አባት ቆም ብለው መለሱልን። «ዛሬ እሱ ጠበቃ ባይኖረውና ቢፈረድበት፣ ነገ ይግባኝ ብሎ ፍርዱን ያስፈርሰው ነበር። ሁለቱም ወገን በደንብ የተነገረለት ፍርድ ነው የሚጸናው። እኔ ለልጆቹ እቆማለሁ፤ ያ ጠበቃ ደግሞ የእኔን ቸልታ ይጠብቃል። ዳኛው ከሁለታችን መካከል እውነቱን ያገኘዋል» አሉን። በክርክራችን ጊዜ ይህን መልስ ብናውቀው ኖሮ ባልተረታንም ነበር።

ከዚያ ቀን በኋላ ስንጠይቅ ብዙ ነገር ተረዳን። ጠበቃ የደንበኛውን ምስጢር መጠበቅ አለበት፤ ሁለቱን ተቃራኒ ወገኖች በአንድ ጕዳይ ሊያገለግል አይችልም፤ ሐሰት መሆኑን እያወቀ ማስረጃ ማቅረብ አይፈቀድለትም። ለፌዴራል ፍርድ ቤት ጠበቆች በ1992 ዓ.ም. የወጣው የሥነ ምግባር ደንብ ቍጥር 57 አንድ ጠበቃ በዓመት ቢያንስ 50 ሰዓት ለችግረኞች በነፃ ወይም በጥቂት ዋጋ እንዲሠራ ያዝዝ ነበር። በሕገ መንግሥታችን አንቀጽ 20 የተከሰሰ ሰው ጥፋተኛ መሆኑ እስኪረጋገጥ ድረስ እንደ ንጹሕ እንደሚቈጠርና ጠበቃ የማቆም መብት እንዳለው ተጽፏል። ጠበቃ ለማቆም ዐቅም የሌለው ሰው ፍትሕ የሚጓደልበት በሆነ ጊዜም መንግሥት ጠበቃ ሊያቆምለት ይገባል ይላል። እንግዲህ ጠበቃ ለወንጀለኛ ይቆማል ብለን ስንወቅስ፣ ሰውየው ወንጀለኛ መሆኑን ማን ነገረን? ያን የሚያውቀው ዳኛው ነው፤ እሱም ቢሆን ሰምቶ ሲጨርስ ነው።

ጠበቃ ምን ሊያደርግ እንደሚችል አንድ ምሳሌ ብቻ እንጨምር። እ.ኤ.አ. በ1995 ወይዘሮ መዓዛ አሸናፊና ባልደረቦቻቸው የኢትዮጵያ ሴቶች የሕግ ባለሙያዎች ማኅበርን መሠረቱ። በማግሥቱ ዓመት አንዲት የ14 ዓመት ተማሪ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ተጠልፋ፣ ለማምለጥ ስትሮጥ የጠለፋትን ሰው በጠመንጃ ገድላ በግድያ ተከሰሰች። ከእኛ ከብዙዎቻችን ታናሽ ነበረች። የማኅበሩ ጠበቆች ቆሙላትና ራስዋን ለመከላከል ያደረገችው መሆኑ ታውቆ በነፃ ተለቀቀች። በ1949ኙ ሕግ ጠላፊ የጠለፋትን ልጅ ካገባት ከክስ ይድን ነበር፤ በ1997 ዓ.ም. በሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕግ ግን ይህን መሸሸጊያ አስቀረው። ወይዘሮ መዓዛም ከ2011 እስከ 2015 ዓ.ም. የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት ሆነው አገልግለዋል።

አሁን ደግሞ ከሠፈራችን ስለ ወጡ አንዲት የሕግ ሰው እንናገራለን። ወይዘሪት ብርቱካን ሚደቅሳ በ1960ዎቹ አጋማሽ ከእንጦጦ ግርጌ በፈረንሳይ ለጋሲዮን ከአነስተኛ ቤተ ሰብ ተወለዱ። እኛ የምንመላለስበትን ዳገት ተመላልሰውበታል። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሕግ ተምረው ገና በወጣትነታቸው በፌዴራል የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት የወንጀል ችሎት ዳኛ ሆኑ።

በዚያ ችሎት ሳሉ የቀድሞው የመከላከያ ሚኒስትር አቶ ስዬ አብርሃ በሙስና ተጠርጥረው ቀረቡላቸው። ጥያቄው አንድ ነበር፤ ተጠርጣሪው በዋስ ይለቀቁ ወይስ አይለቀቁ? የአገሩ ዐይን ሁሉ በዚህ ጕዳይ ላይ ነበር። ዳኛዋ ሕጉን ተመልክተው በዋስ ይለቀቁ ብለው አዘዙ። አቶ ስዬ ከፍርድ ቤቱ እንደ ወጡ ወዲያው እንደገና ተያዙ። በዚያው ሰሞን በ1993 ዓ.ም. በወጣው ማሻሻያ አዋጅ ቍጥር 239 በሙስና የተጠረጠረ ሰው ዋስትና እንዳያገኝ ተደነገገ። አቶ ስዬ ጥፋተኛ ነበሩ ወይስ አልነበሩም የሚለው የእኛ ነገር አይደለም፤ የዚያን ቀን የዳኛዋም ጥያቄ አልነበረም። እኛ የምናስተውለው የሠላሳ ዓመት ዕድሜ እንኳ ያልሞላቸው ሴት፣ ትእዛዛቸው እንደማይወደድ እያወቁ፣ ሕጉ የሚለውን ጽፈው መፈረማቸውን ነው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 79 ዳኞች ከሕግ በቀር በሌላ እንደማይመሩ ያዝዛል። በወረቀት ላይ የተጻፈውን ይህን ቃል በችሎት ላይ የሚያጸናው ግን ሰው ነው።

ወይዘሪት ብርቱካን ከዳኝነት ከወጡ በኋላ በጠበቃነት ሠሩ፤ ቀጥሎም በ1997ቱ ምርጫ ጊዜ የቅንጅት ምክትል ሊቀ መንበር ሆኑ። ከምርጫው በኋላ በተነሣው ሁከት በ1998 ዓ.ም. ከሌሎች መሪዎች ጋር ታሰሩ። ልጃቸው ያን ጊዜ ገና ሕፃን ነበረች። በሐምሌ ወር 1999 ዓ.ም. ዕድሜ ልክ ተፈርዶባቸው በዚያው ወር በይቅርታ ተፈቱ። በኋላ ይቅርታው የተሰጠበትን ሁኔታ በሚመለከት የተናገሩትን ቃል እንዲያስተባብሉ ተጠየቁ። «ቃሌ» የሚል ጽሑፍ አውጥተው የተናገሩት እውነት መሆኑን፣ ስለዚህም እንደማያስተባብሉ ገለጹ። በታኅሣሥ 2001 ዓ.ም. ይቅርታው ተሽሮ ወደ ቃሊቲ ተመለሱ።

እዚህ ላይ ነው የንግግራችን ሁለት ክፍሎች የሚገናኙት። ወይዘሪት ብርቱካን ያን ጽሑፍ ሲጽፉ በቤታቸው አሮጊት እናትና አራት ዓመት እንኳ በቅጡ ያልሞላት ልጅ ነበሩ። አንድ ቃል ቢመልሱ ኖሮ ማታ ልጃቸውን አቅፈው ያድሩ ነበር። ለወራት ለብቻቸው ታስረው በቆዩ ጊዜ እንዲጠይቋቸው የተፈቀደላቸው እናታቸውና ልጃቸው ብቻ ነበሩ። አያትና የልጅ ልጅ ስንቅ ይዘው ከእንጦጦ ግርጌ እስከ ቃሊቲ ድረስ፣ ከከተማው አንድ ዳር እስከ ሌላው ዳር፣ ሲመላለሱ ከረሙ። ወይዘሪት ብርቱካን የተፈቱት በመስከረም 26 ቀን 2003 ዓ.ም. ነው።

ስለዚህ ነገር በክፍላችን ስንነጋገር ከሴቶቹ ጓደኞቻችን አንዷ «እናት ለመርሕዋ ስትል ልጅዋን መተው ይገባታልን?» ብላ ጠየቀች። ጥያቄው ከባድ ነው። ከእኛ ግማሾቹ «ልጅ ከምንም ይበልጣል፤ ቃሉን መመለስ ነበረባቸው» አልን። ግማሾቹ ደግሞ «ልጅዋ አድጋ እናቷ በፍርሃት ቃሏን እንደ ካደች ብትሰማ ምን ትወርሳለች?» አልን። ሳንስማማ ተለያየን። በአንድ ነገር ግን ሁላችንም ተስማማን፤ ከሕግ ሰው ጀርባ ሁልጊዜ ዋጋውን አብሮ የሚከፍል ቤት አለ። የእኒያን አያት ስም ያወጣ ጋዜጣ ጥቂት ነው። ነገር ግን ስንቁን የቋጠሩት፣ ልጅቱን ያሳደጉት እሳቸው ናቸው። የቤተ ሰብ ሰው ፍትሕን እንዴት እንደሚያገለግል ከእሳቸው እንማራለን።

ወይዘሪት ብርቱካን በኋላ ወደ አሜሪካ ሄደው በሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ተማሩ። ወደ አገራቸው ተመልሰው በኅዳር 2011 ዓ.ም. የብሔራዊ ምርጫ ቦርድ ሰብሳቢ ሆነው ተሾሙ፤ እስከ 2015 ዓ.ም. ድረስም በዚያ ሥራ ቆዩ። በምርጫ ምክንያት ታስረው የነበሩ ሰው የምርጫ ዳኛ መሆናቸው የሚያስደንቅ ነው። የሠሩትን ሁሉ ሰው አልወደደላቸውም፤ ዳኛን ሁሉም ወገን የሚወደው በየትኛው አገር ነው?

አሁን ወደ ጓደኛችን እንመለስ። ፍርድ ቤት ከሄድንበት ቀን ማታ አባቱ እራት ጋበዙን። ቤታቸው ከዳገቱ ላይ፣ ባሕር ዛፉ ከሚጀምርበት አጠገብ ነው። እናቱ ሽሮውን ሲያወጡ አባትየው ራሳቸው ውሃ አስታጠቡን። ስልካቸውን ዘግተው በመደርደሪያው ላይ አኖሩት። ከእራት በኋላ ትንሿ ልጃቸው የሒሳብ ደብተሯን ይዛ መጥታ ከጉልበታቸው ላይ ተቀመጠች። ጓደኛችን ይህን ሁሉ በዝምታ ይመለከት ነበር። በመጨረሻም በእኛ ፊት፣ እኛ መሬት ቢውጠን በወደድንበት ሁኔታ፣ «አባባ፣ የወላጆች ቀን ሁለት ዓመት ሙሉ ቀረህብኝ» አላቸው።

አባትየው አልተሟገቱም። ቀጠሮ ነበረብኝ አላሉም፤ እንጀራችሁን ለማምጣት ነው አላሉም። ለሰው ሁሉ መልስ የማያጡ ሰው ለልጃቸው «እውነትህን ነው፤ በዚህ ነገር ጥፋተኛ ነኝ» አሉት። ቀጥለውም የቀጠሮ ማስታወሻቸውን አምጥተው ዛሬ የተሰበሰብንበትን ይህን ቀን ፈልገው፣ ስሙን እንደ ደንበኛ ስም ጽፈው አሳዩት።

የተከበራችሁ ወላጆቻችን፤ እኒያ አባት አሁን በመካከላችሁ ተቀምጠዋል። የት እንደ ተቀመጡ አናመለክትም፤ ልጃቸው ግን ያውቃል።

እንግዲህ ከዚህ ሁሉ ምን ተማርን? በክርክራችን ጊዜ ጠበቃ ወይ ለሥራው ወይ ለቤቱ ነው የሚኖረው ብለን ነበር። አሁን ግን ሁለቱ ከአንድ ሥር የሚበቅሉ መሆናቸውን አየን። ለራሱ መናገር ለማይችል ሰው መናገር የሚጀመረው በቤት ውስጥ ነው። እናት ገና አፉን ያልፈታ ልጅዋን ለቅሶ ለይታ ታውቃለች፤ «ራበው፣ አመመው» ብላ ስለ እሱ ትናገራለች። ጠበቃም ለማያውቀው ሰው የሚያደርገው ይህንኑ ነው። ደግሞም የቤቱን ሰው አቤቱታ ያልሰማ በችሎት የሌላውን ሰው አቤቱታ እሰማለሁ ቢል ማን ያምነዋል? በቤቱ «ጥፋተኛ ነኝ» ማለት የቻለ ሰው ግን በችሎት እውነትን አይፈራም።

ስለ ገንዘብም ጥቂት እንበል። ጠበቃ ሀብታም ነው ይባላል። የሚበለጽጉ መኖራቸው እውነት ነው። ችግረኛው ግን ብዙ ጊዜ ጠበቃ ሳያገኝ ይቀራል፤ በደጃችን የሚያልፉት እንጨት ተሸካሚ እናቶች ሕግ የሚሰጣቸውን መብት እንኳ የሚነግራቸው የላቸውም። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተ ሰብ ሕግ ወላጆች ለልጆቻቸው ቀለብ መስጠት እንዳለባቸው ይናገራል። ይህ ሕግ ከእኛ ዕድሜ ይበልጣል። ነገር ግን ከተራራው በታች በሚኖሩት ዘንድ ገና አልደረሰም። ሕግ በነጋሪት ጋዜጣ ከታተመ በኋላ እስከ ድኻው ደጅ ድረስ የሚወስደው እግር ያስፈልገዋል።

ስለዚህ ሦስት ነገር እንለምናችኋለን። ክቡር ዲሬክተራችንና መምህራኖቻችን፤ የሚቀጥለው ዓመት ተማሪዎች ቢያንስ አንድ ቀን በግልጽ ችሎት ተቀምጠው እንዲያዩ ብትፈቅዱላቸው እኛ ዘግይተን ያገኘነውን ቀድመው ያገኙታል። ወላጆቻችን፤ ከእኛ መካከል ሕግ ለመማር የሚፈልጉ አሉ። «ሐኪም ሁን፣ መሐንዲስ ሁን፤ ጠበቃ ሆነህ ከመንግሥትና ከሰው አትጋጭ» የምትሉን ስለምትወዱን መሆኑን እናውቃለን። ፍርሃታችሁም ከንቱ አይደለም፤ የወይዘሪት ብርቱካንን እናት ያየ ሰው መፍራቱ ትክክል ነው። ነገር ግን ሁሉም እናት ልጁን ከዚህ ሥራ ቢያስቀር፣ እኛ ራሳችን በተገፋን ቀን ማን ይቆምልናል? ጓደኞቻችን ሆይ፤ እናንተን ደግሞ የምንለምነው ቀላል ነገር ነው። ከሠፈራችሁ ማንበብ የማይችል ሰው የቀጠሮ ወረቀት ይዞ ሲቸገር ባያችሁ ጊዜ ቀኑን በትክክል አንብቡለት። ሁለት ልጆች ሰባት ወር የተራቡት በአንድ ቀን ስሕተት ነው።

ጓደኛችን ሕግ ይማር እንደ ሆነ ጠይቀነው ነበር፤ ገና አልወሰነም። እኛም አንገፋፋውም። ከክፍላችን ሦስታችን ግን ፈተናውን ካለፍን ሕግ ለመማር ቈርጠናል። እናትየዋም በቀጠሯቸው ቀን ደርሰው፣ የአባትየው ደመወዝ ተረጋግጦ ለልጆቻቸው ቀለብ ተቈርጦላቸዋል። ብዙ ገንዘብ አይደለም። የመጀመሪያውን ወር በተቀበሉ ጊዜ ለጠበቃቸው አንድ እሸክም ጭራሮ ይዘው መጡ፤ እሳቸውም እንዳያሳዝኗቸው ተቀበሉ። ያን ቀን ማታ በዚያ ቤት ቡናው የተፈላው በእንጦጦ ባሕር ዛፍ ነው።

ለትምህርት ቤታችን ረዥም ዕድሜን፣ ለመምህራኖቻችን ጤናን፣ ለወላጆቻችን የድካማቸውን ዋጋ፣ ለአገራችንም ሰላምንና ፍርድን እንመኛለን።